አርማወር ሐንሰን (1841—1912)

ተማሪዎች ሆይ፤ ለጥቂት ጊዜ በሐሳባችሁ ወደ ደሴ ከተማ ሂዱና ፒያሳ በሚባለው ሠፈር ቁሙ። ጊዜው ጧት ነው። የጦሳ ተራራ ራሱን በጉም ሸፍኗል። ባለ ሱቆች መዝጊያቸውን ይከፍታሉ፤ ተማሪዎች ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ይጣደፋሉ፤ ከገጠር የመጣው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ጉዳዩን ለመፈጸም ወዲያና ወዲህ ይላል። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ የእናንተ እኩያ የሆነ ወጣት ሲያልፍ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ከክርኑ ከፍ ብሎ በቆዳው ላይ አንድ የገረጣ ምልክት ወጥቶበታል። ስፋቱ ከአንድ ሳንቲም እምብዛም አይበልጥም። አያሳክከውም፤ አያመውምም። እርሱ ግን ሰው እንዳያይበት እጅጌውን ወደ ታች እየሳበ ይሸፍነዋል። ለማንም አልነገረም።

ይህ ወጣት ምልክቱን የሚሸፍነው ስላፈረ ብቻ አይደለም፤ ስለ ፈራም ጭምር ነው። ሥጋ ደዌ በዘር የሚወርድ ነው፤ አንድ ሰው በበሽታው ከተያዘ ቤተ ዘመዱ ሁሉ የተጠረጠረ ነው፤ ከእንዲህ ያለው ቤት ልጅ አይሰጥም፣ ልጅም አይወሰድም ሲባል በልጅነቱ ሰምቷል። ክንዱን ገልጦ ቢያሳይ የእኅቱ ጋብቻ የሚፈርስ፣ የወላጆቹ ስም የሚጎድፍ ይመስለዋል። ስለዚህ ዝም በማለቱ ቤተሰቡን የጠበቀ መስሎታል። ይህን ያህል ከባድ ሸክም በአንድ ወጣት ጫንቃ ላይ የጣለው እምነት እውነት ነውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ዕድሜውን በሙሉ የደከመ አንድ ሐኪም ነበር። የሕይወቱን ታሪክ ቀጥላችሁ ታነባላችሁ። በታሪኩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ልብ በሉ።

ጌርሃርድ ሄንሪክ አርማወር ሐንሰን ጁላይ 29 ቀን 1841 በኖርዌይ አገር በበርገን ከተማ ተወለደ። በርገን እንደ ደሴ ሁሉ በተራሮች የተከበበች፣ ዝናብና ጉም የማይለያት ከተማ ናት፤ የምትለየው በባሕር ጠረፍ የተቆረቆረች በመሆኗ ነው። የአርማወር ወላጆች 15 ልጆች የወለዱ ሲሆን እርሱ 8ኛው ነበር። ይህን ሁሉ ልጅ ማሳደግና ማስተማር ለአባቱ ቀላል አልነበረም። በዚህም ምክንያት አርማወር በዩኒቨርሲቲ ሕክምና በሚያጠናበት ጊዜ እየሠራ ለመማር ተገደደ። ዛሬ ኦስሎ በምትባለው በዚያን ጊዜዋ ክርስቲያንያ ከተማ ትምህርቱን ተከታትሎ በ1866 በሐኪምነት ተመረቀ። ከዚያም በሰሜን ኖርዌይ በሎፎተን ደሴቶች ለዓሣ አጥማጆች ሐኪም ሆኖ ለጥቂት ጊዜ አገለገለ።

አሁን አንድ ጥያቄ ልንጠይቃችሁ እንወዳለን። ሥጋ ደዌ የትኛው ክፍለ ዓለም በሽታ ይመስላችኋል? ብዙ ሰዎች በሽታው የሞቃት አገሮች ብቻ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ብርዳማዋ ኖርዌይ በአውሮፓ ውስጥ ሥጋ ደዌ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። መንግሥቱ በ1856 በበሽታው የተያዙትን ሰዎች ስም በአገር አቀፍ መዝገብ መመዝገብ ሲጀምር ወደ 2800 የሚጠጉ ሕሙማን ተገኙ። ለአነስተኛው የኖርዌይ ሕዝብ ይህ ቁጥር ከባድ ነበር። አብዛኞቹ ሕሙማን በምዕራባዊው የባሕር ጠረፍ የሚኖሩ፣ በጠባብ ቤት ውስጥ ተጨናንቀው የሚያድሩ ድሆች ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። በዚህም የተነሣ የበርገን ከተማ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች መናኸሪያ ሆና ነበር።

በእነዚህ ሆስፒታሎች ከሚሠሩት ሐኪሞች መካከል በዕውቀቱ የታወቀው ዳንኤል ኮርኔልዩስ ዳንየልሰን ይባላል። ዳንየልሰን ከሥራ ባልደረባው ከቤክ ጋር ሆኖ በ1847 ስለ ሥጋ ደዌ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። የበሽታው ምልክቶች ከመቼውም ይልቅ በጥራትና በሥርዓት የተዘረዘሩት በዚህ መጽሐፍ ነበር። ስለ መነሻው ግን ዳንየልሰን የደረሰበት ድምዳሜ በእኛም አገር ሲነገር ከኖረው ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ ይኸውም ሥጋ ደዌ በዘር ይወረሳል የሚል ነው። ዳንየልሰን በዚህ አስተሳሰቡ እጅግ ከመተማመኑ የተነሣ ከሕሙማን የተወሰደ ነገር በራሱ ሰውነት ላይ እስከ መከተብ ደርሷል። በበሽታው አልተያዘም። እርሱም ይህን የአስተሳሰቡ ማረጋገጫ አድርጎ ቆጠረው።

ወጣቱ ሐንሰን በ1868 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በዚህ ታላቅ ሐኪም ሥር መሥራት ጀመረ። አለቃውን ያከብረው ነበር፤ ይሁን እንጂ ማክበርና ሁሉን መቀበል አንድ አለመሆናቸውን ያውቅ ነበር። በ1870 እና በ1871 ወደ ቦንና ወደ ቪየና ተጉዞ በማይክሮስኮፕ የመመራመርን ጥበብ አጠና። ወደ አገሩም በተመለሰ ጊዜ በየመንደሩ እየተዘዋወረ የሕሙማኑን ኑሮ ይመረምር፣ መዝገቡንም ያገላብጥ ጀመር። በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሕሙማን መገኘታቸውን እርሱም አልካደም። ነገር ግን አንድ ነገር ታዘበ። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች የሚካፈሉት ደምን ብቻ አይደለም፤ አንድ ጣሪያ፣ አንድ መኝታ፣ አንድ አየርም ይካፈላሉ። ታዲያ በሽታው የተላለፈው በደማቸው መሆኑ በምን ይታወቃል? ሐንሰን ሌሎች ሐኪሞች ያላዩትን ሕመምተኛ አላየም። ሁሉም ያዩትን ነው ያየ፤ ልዩነቱ እነርሱ የመለሱትን ጥያቄ እርሱ እንደገና መጠየቁ ነው።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ከሆነ የሚያስተላልፈው ነገር ሊገኝ ይገባል። ሐንሰን ከሕሙማን ቆዳ ላይ ከሚወጡት እባጮች ጥቂት ጥቂት እየወሰደ በማይክሮስኮፕ ያጠና ጀመር። በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1873 በእባጮቹ ውስጥ ትናንሽ በትር የመሰሉ ነገሮችን ማየቱን መዘገበ። እነዚህ በትሮች ዛሬ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በመባል የሚታወቁት ናቸው። ይህ ግኝት ምን ያህል ወደፊት የቀደመ እንደ ነበረ ለመረዳት የሚከተለውን አመዛዝኑ። ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ለዓለም የገለጸው በ1882 ነው። የሐንሰን ግኝት ከዚያ 9 ዓመት ይቀድማል። በዘመኑ ዓይን የማያየው ተሕዋስ ሰውን እንዲህ ለረጅም ጊዜ ያሠቃያል ብሎ የሚያምን ሐኪም ጥቂት ነበር።

ያ ዓመት ለሐንሰን የደስታና የኀዘን ዓመት ሆነ። በመጀመሪያው ወር የአለቃውን የዳንየልሰንን ልጅ አገባ። ዓመቱ ሳይፈጸም ግን ባለቤቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። የገደላት ባክቴሪያ እርሱ በማይክሮስኮፕ ካየው ተሕዋስ ጋር የአንድ ወገን ዘመድ እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር። ሐንሰን ኀዘኑን ይዞ ሥራውን ቀጠለ። ግኝቱን በ1874 አሳተመ፤ በ1875 ደግሞ በኖርዌይ የሥጋ ደዌ ጉዳይ ዋና ሐኪም ሆኖ ተሾመ።

ይሁን እንጂ ማየት አንድ ነገር ነው፤ ማስረዳት ደግሞ ሌላ ነው። የታየው ተሕዋስ በእርግጥ የበሽታው ምክንያት መሆኑን ለማስረዳት በላቦራቶሪ ማራባት ወይም ወደ እንስሳ አስተላልፎ ማሳየት ያስፈልግ ነበር። ሐንሰን ይህን ደጋግሞ ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ጉድለቱ የእርሱ እንዳልነበረ የኋላ ሰዎች ተረድተውታል፤ ምክንያቱም ይህ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ድረስ በላቦራቶሪ በሚዘጋጅ ምግብ ላይ ሊራባ አልቻለም። በዚህ መካከል በ1879 አልበርት ናይሰር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ወደ በርገን መጣ። ሐንሰንም በቅንነት ተቀብሎ ከሕሙማን የተወሰደ ናሙና ሰጠው። ናይሰር ወደ አገሩ ተመልሶ ባክቴሪያውን በቀለም ነክሮ በጉልህ አሳየ፤ ወዲያውም ግኝቱን የራሱ አድርጎ አስታወቀ። ሐንሰን ቀዳሚው እርሱ መሆኑን የሠራውን ሥራ በዝርዝር ጽፎ ለማስረዳት ተገደደ። ከጊዜ በኋላ ዓለም ፍርዱን ለሐንሰን ሰጠ።

የአንድን ታላቅ ሰው ታሪክ የሚጽፍ ሰው መልካሙን ብቻ ቢናገር ለአንባቢ ውለታ አልዋለም። በ1879 መጨረሻ ሐንሰን ከባድ ስሕተት ፈጸመ። በሽታው የሚተላለፍ መሆኑን ለማረጋገጥ ከነበረው ጉጉት የተነሣ ከአንድ ሕመምተኛ የወሰደውን ነገር በሆስፒታል ተኝታ በምትታከም በአንዲት ሴት ዓይን ውስጥ በስለት አስገባ። ሴትየዋ ቀድሞውኑ ሕመምተኛ ነበረች፤ የሚያደርግባትን ግን አላስረዳትም፤ ፈቃዷንም አልጠየቀም። ሴትየዋ ስለ ደረሰባት ሥቃይ ተናገረች፤ ነገሩም ከፍርድ ቤት ደረሰ። በ1880 የበርገን ፍርድ ቤት ሐንሰን ከሆስፒታል ሐኪምነቱ እንዲነሣ ፈረደበት። የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነቱ ግን አልተወሰደበትም። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብላችሁ አስቡ። በአንድ በኩል የዘመኑ ዝነኛ ሳይንቲስት፣ በሌላ በኩል ድሃና ሕመምተኛ የሆነች ሴት ቆመው ነበር፤ ሕጉ የሴትየዋን ሰውነት አከበረ። ዕውቀት ለሰው የተፈጠረ ነው እንጂ ሰው ለዕውቀት መሣሪያነት አልተፈጠረም። ዛሬ በዓለም ሁሉ አንድ ሐኪም በሰው ላይ ምርምር ከማድረጉ በፊት ፈቃድ እንዲጠይቅ የሚያስገድደው ሥርዓት ይህን የመሰሉ በደሎች ካስተማሩት ትምህርት የተገኘ ነው።

ሐንሰን ለሕዝብ ጤናም ብዙ ደክሟል። በሽታው የሚተላለፍ ከሆነ መተላለፉን መግታት ይቻላል ብሎ ያምን ነበርና በእርሱ ምክር በ1877 እና በ1885 ሁለት ሕጎች ወጡ። ሕጎቹ ሕሙማን በቤታቸው የተለየ ክፍል እንዲኖራቸው፣ ይህ ካልሆነ ግን በሆስፒታል እንዲቀመጡ የሚያዝዙ ነበሩ። መድኃኒት ባልነበረበት በዚያ ዘመን የሕሙማኑ ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ቀነሰ፤ በመቶ ዓመቱ መጨረሻ ከ600 በታች ሆነ። የኑሮ መሻሻልም ለዚህ አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም። ሆኖም ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ከቤታቸውና ከልጆቻቸው የተለዩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሐንሰን በ1888 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከኖርዌይ ፈልሰው በዚያ የሠፈሩትን ሕሙማን ቤተሰቦች ፈልጎ መረመረ። በዚያ አገር ከተወለዱት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው መካከል በሥጋ ደዌ የተያዘ አላገኘም። በሽታው በዘር የሚወረስ ቢሆን ኖሮ ባሕር መሻገር ባላዳናቸው ነበር።

በ1897 በበርሊን ከተማ የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ በሽታው በሐንሰን ባክቴሪያ የሚመጣና የሚተላለፍ መሆኑን ተቀበለ። ሁለተኛው ጉባኤ በ1909 የተካሄደው በዚያው በበርገን ሲሆን የጉባኤው ሊቀ መንበር ራሱ ሐንሰን ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በሥራ ጉዞ ላይ ሳለ ፍሎሮ በምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1912 ዐረፈ። በሽታው ዛሬም በብዙ አገሮች የሐንሰን በሽታ ተብሎ ይጠራል።

ሐንሰን ጠላቱን ለይቶ አሳየ እንጂ መግደያውን ሳያይ ነው የሞተው። በበሽታው ላይ በእርግጥ የሚሠራ መድኃኒት የተገኘው በ1940ዎቹ ዓመታት ነው። በኋላም ባክቴሪያው አንዱን መድኃኒት ብቻ እየለመደ ስላስቸገረ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 የተለያዩ መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ መከረ። ዛሬ ሕክምናው እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይፈጃል፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። መድኃኒቱን በሥርዓት የወሰደ ሰው ይድናል።

የዚህ ሰው ስም በአገራችንም ሕያው ሆኖ ይኖራል። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ በሚባለው ሠፈር ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበር። ወደ ቀያቸው ለመመለስ ያልቻሉ ብዙ ሕሙማን በአካባቢው ጎጆ ቀልሰው ልጆች ወልደው ኖረዋል። በዚሁ ሥፍራ በ1965 ለሕክምና፣ ለሥልጠናና ለተሐድሶ የሚያገለግለው አለርት የተባለው ድርጅት ተመሠረተ፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ሐኪሞችም እየመጡ ሠልጥነውበታል። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እርዳታ ከአጠገቡ አንድ የምርምር ተቋም ተቋቋመ። ስሙም የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተባለ። የበርገኑ ሐኪም በእግሩ ባልረገጠው አገር ሥራው ቀጥሏል ማለት ነው።

እንግዲህ በፒያሳ ወደ ተውነው ወጣት እንመለስ። በክንዱ ላይ የወጣው ምልክት ምን ይሆን? በቆዳ ላይ የሚወጣ ሁሉ ሥጋ ደዌ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ጭርት ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መካከሉ የጠራ ክብ ሠርቶ ይወጣል፤ ያሳክካልም። ቋቁቻ በአንገት፣ በደረትና በጀርባ ላይ እየተበተነ የሚወጣ ሲሆን በጥፍር ሲፋቅ እንደ ዱቄት ያለ ቅርፊት ይረግፍለታል። እከክ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ላይ ይበረታል፤ ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል፤ በቤት ውስጥ ያሉትንም ሰዎች ያዳርሳል። ችፌ ብዙውን ጊዜ በክርንና በጉልበት እጥፋት ላይ ይወጣል፤ ቆዳውን ያደርቃል፣ ያሻክራል፣ አንዳንድ ጊዜም ውኃ ያቋጥራል። ቁንጭር በአብዛኛው በፊት ላይ የሚወጣና ለወራት የማይሽር ቁስል ነው፤ የሚያስተላልፈውም ትንሽ ተናካሽ የአሸዋ ዝንብ ነው። ለምጽ ደግሞ ቆዳውን እንደ ወተት ያነጣዋል፤ ነገር ግን አይተላለፍም፣ የቆዳውንም ስሜት አይነካም።

ስለ ለምጽ ከተነሣ አይቀር ስለ ቃላት አንድ ነገር ልብ በሉ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ለምጽ የሚለው ቃል ርኩስ ተብሎ ከሕዝብ የሚያስለየውን የቆዳ ደዌ ያመለክታል፤ በዛሬው አነጋገር ግን ለምጽ የምንለው ሰው የማይዘውን የቆዳ መንጣት ነው። ሁለቱን በማደባለቅ ምንም የማያስፈራ ምልክት የወጣበት ሰው በከንቱ ሲገለል ይኖራል። እንዲሁም ቁምጥና የሚለው ቃል ከበሽታ ስምነቱ ይልቅ ስድብ ሆኖ ስለ ቀረ ሥጋ ደዌ የሚለውን መጠቀም ይገባል። ሰውየውንም በበሽታው ስም ከመጥራት ይልቅ በሥጋ ደዌ የተያዘ ሰው ማለት ይሻላል። ሰው ከበሽታው ይቀድማልና።

ታዲያ ሥጋ ደዌ ከእነዚህ ሁሉ በምን ይለያል? ዋናው መለያ ስሜት ማጣት ነው። ባክቴሪያው ከቆዳ ሌላ በነርቮች ላይ ይሠፍራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የገረጣ ወይም ቀላ ያለ፣ የማያሳክክና የማያም ምልክት ነው። ምልክቱ ያለበት ቆዳ ብዙ ጊዜ ይደርቃል፤ ፀጉሩም ይሳሳል። ሐኪሞች ሕመምተኛው ዓይኑን እንዲጨፍን ካደረጉ በኋላ ጫፉ በቀጠነ ጥጥ ምልክቱን በቀስታ ይነካሉ፤ ሕመምተኛውም የተነካበትን ቦታ በጣቱ እንዲያመለክት ይጠየቃል። በጤነኛው ቆዳ ላይ በትክክል እያመለከተ ምልክቱ ያለበት ሲነካ የማይሰማው ከሆነ ነገሩ ያጠራጥራል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደግሞ በሽታው በፊትና በጆሮ ጫፍ ላይ እባጭ ያወጣል፤ ቅንድብንም ያረግፋል። የእጅና የእግር መደንዘዝ ወይም መዛልም ሌላ ምልክት ነው።

ሕመም ባለመኖሩ ደስ ሊላችሁ አይገባም። ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነው። ዘበኛው ያንቀላፋበት እጅ የጋለ ድስት ይዞ ሲቃጠል አያውቅም፤ እግሩም እሾህ ወግቶት ሳይሰማው ሲሄድበት ይውላል። ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ከቀን ብዛትም ጣቶች ይጎድላሉ። ሰዎች በሽታው ጣት ይበላል የሚሉት ይህን አይተው ነው። ጣትን የሚያጎድለው ግን በአብዛኛው ያልተሰማ ቁስል ነው፤ ቀድሞ የታከመ ሰው ወደዚህ አይደርስም።

ሐንሰን በዘር አይወረስም ብሎ አንዱን ፍርሃት ሲያፈርስ የሚተላለፍ መሆኑን በመናገሩ ሌላ ፍርሃት ተተክቶ ነበር። ይህም ፍርሃት ከልክ ያለፈ ነው። ባክቴሪያው የሚተላለፈው ካልታከመ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር፣ ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣ ጠብታ አማካይነት ነው። እጅ በመጨባበጥ ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም። አብዛኛው ሰው ባክቴሪያውን የመቋቋም ኃይል በተፈጥሮው አለው። መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ በሽታውን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ባክቴሪያው እጅግ ዝግ ብሎ የሚራባ በመሆኑ ምልክቱ የሚታየው በአማካይ ከ5 ዓመት በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ይህም ነው መነሻውን ለዘመናት ሰውሮ ያቆየው። ሥጋ ደዌ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ170 ሺህ በላይ፣ በአገራችንም ከ2000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ።

ከደሴ ፒያሳ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቦሩ ሜዳ ይገኛል። ይህ ሥፍራ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1878 የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት በመሆኑ በታሪክ ትምህርታችሁ ሳታውቁት አትቀሩም። በቦሩ ሜዳ ያለው ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ሲሆን ዛሬም በቆዳ ሕክምናው የታወቀ ነው። እንግዲህ ያ ወጣት ከጥያቄው መልስ የሚለየው የአንድ ጧት መንገድ ብቻ ነው። ምልክቱ ቋቁቻ ወይም ጭርት ቢሆን ቀላል መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል፤ በከንቱ ሲፈራ መኖሩም ይቀርለታል። ሥጋ ደዌም ቢሆን ጣቶቹ ሳይጎዱ፣ ስሜቱ ጨርሶ ሳይጠፋ ሕክምናውን ጀምሮ ትምህርቱን ይቀጥላል። ምርመራውንም ቤተሰቡ ሁሉ ቢያደርግ መልካም ነው፤ ይህ የሚሆነው ዘራቸው ስለ ተጠረጠረ ሳይሆን አንድ ጣሪያ ስለ ተካፈሉ ነው። ሊያደርገው የማይገባው በግምት የተገዛ ቅባት እየቀቡ መሰንበትንና እጅጌውን ወደ ታች መሳብን ነው።

ተማሪዎች ሆይ፤ ከአርማወር ሐንሰን ሕይወት የምትማሩት ብዙ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነገር ሁሉ እውነት እንዳይደለ፣ የታላላቅ ሰዎችም ቃል ቢሆን መመርመር እንዳለበት ከመልካም ሥራው ትማራላችሁ። የድሃው ሰው ፈቃድና ክብር ከማናቸውም ዕውቀት በታች እንደማይሆን ደግሞ ከስሕተቱ ትማራላችሁ። ከሁሉ በላይ ግን በሽታን የሚያሳድገው መሸፈን መሆኑን አትርሱ። የእኛ ሰው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይል የለምን? ስለዚህ በገዛ ቆዳችሁ ላይ ወይም በወንድምና በእኅታችሁ ቆዳ ላይ የማያሳክክ፣ የማያም፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ብታዩ ዝም አትበሉ። ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክንዱን የገለጠ ወጣት ቤተሰቡን አላዋረደም፤ ጠብቋቸዋል።